በዓይን የሚገባባት ሸለቆ

እንግዲህ ጆሯችሁን ስጡኝ። የማወራችሁ ስለ አንድ ሸለቆ፣ ስለ አንድ የበረዶ ውሽንፍርና ስለ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። ተረት አይደለም። መዝገብ አለው፤ ያውም በሰከንድ የተቆጠረ፣ የሟቾቹ አብራሪዎች ድምፅ ሳይቀር የተጻፈበት መዝገብ። የሆነውን ስነግራችሁ ከመዝገቡ አልወጣም። የራሴን አስተያየት ጣል ባደርግ ግን «ይህ የእኔ ነው» ብዬ ለይቼ እነግራችኋለሁ።

አገሩ አሜሪካ፣ ግዛቱ ኮሎራዶ ነው። ሮኪ በሚባሉት ተራሮች መካከል አስፐን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ድሮ ብር የሚቆፈርባት የማዕድን መንደር ነበረች፤ ዛሬ ብር የሚመነዘርባት ናት። በበረዶው ወራት ባለጠጋው ሁሉ ከያለበት ይነጉድባታል፤ በበረዶ ላይ ሊንሸራተት፣ እግረ መንገዱንም ሊታይ። ብዙዎቹ ታዲያ እንደ እኔና እንደ እናንተ ወረፋ ይዘው፣ ሻንጣ አስመዝነው አይሄዱም። የራሳቸው ጄት አላቸው፤ ከሌላቸውም ይከራያሉ።

የአስፐን አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 7,820 ጫማ ገደማ ላይ ተቀምጧል። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ እንግዳ ከፍታ አይደለም፤ ቦሌና አስፐን በከፍታ ይቀራረባሉ፤ ሁለቱም ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው። እንዲህ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው። የፍጥነት መለኪያው ቆላ ላይ የሚያሳየውን ቁጥር እዚህም ያሳያል፤ አውሮፕላኑ ግን መሬቱን የሚያቋርጠው ከዚያ ከመቶ አሥር እጅ በላይ ፈጥኖ ነው። ለመታጠፍ የሚፈልገው ቦታ ደግሞ ከዚያም በበለጠ ይሰፋል። ቦሌ ላይ ያደገ አብራሪ ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ቦሌ ግን ዙሪያው ገላጣ ነው፤ እንጦጦም ቢሆን በሰሜን በኩል ራቅ ብሎ ነው የቆመው። አስፐን እንደዚያ አይደለችም። ማኮብኮቢያዋ ሮሪንግ ፎርክ የተባለው ወንዝ በሰነጠቀው ሸለቆ ውስጥ ተጋድሟል። ግራና ቀኙ ተራራ ነው፤ ከከተማዋ ወዲያም ተራራ። ስለዚህ ጄቶቹ በአብዛኛው ከሰሜን ምዕራብ ይገቡና ያርፋሉ፤ ሲነሡ ደግሞ ዞረው በገቡበት አፍ ይወጣሉ። መሬቱ ወደ ከተማዋ ሲሄድ ሽቅብ ስለሆነ ማኮብኮቢያውም ሽቅብ ነው። ይህችን ሽቅብ ያዙልኝ፤ በኋላ ትፈለጋለች።

ታዲያ ደመና ሲወርድ እዚህ ሸለቆ ውስጥ እንዴት ይገባል? ይህ ታሪክ በሆነበት ጊዜ አብራሪዎቹ ከመሬት የሬዲዮ ጣቢያ ምልክት እየተቀበሉ፣ እዚህ ነጥብ ላይ እዚህ ከፍታ፣ እዚያ ነጥብ ላይ እዚያ ከፍታ እያሉ ደረጃ በደረጃ የሚወርዱበት መንገድ ነበር። መንገዱ እስከ 10,200 ጫማ ድረስ ብቻ ያወርዳል። እዚያ ሲደርሱ መሣሪያው ሥራውን ጨረሰ ማለት ነው። ከዚያ በታች እንዲወርድ የሚፈቀድለት ማኮብኮቢያውን ወይም መብራቶቹን በዓይኑ ያየ አብራሪ ብቻ ነው፤ ያላየ ኃይል ጨምሮ ይነሣል፣ ይመለሳል። አሁን ቀንሱ፦ ከ10,200 ላይ 7,820 ሲነሣ 2,380 ጫማ ይቀራል። በሌላው ዓለም፣ ትክክለኛ የመሣሪያ መንገድ ባለበት ማረፊያ፣ አብራሪው ሁለት መቶ ጫማ እስኪቀረው ድረስ መሣሪያ እየመራው ይወርዳል። አስፐን ላይ ግን የመጨረሻው 2,380 ጫማ ለዓይን የተተወ ነበር።

ሌላም መንገድ አለ፤ ቪዥዋል አፕሮች ይሉታል። አብራሪው ማረፊያውን ከሩቅ ካየ «አየሁት» ይላል፤ ተቆጣጣሪው ደግሞ «እንግዲያው በዓይንህ ግባ» ብሎ ይፈቅድለታል። በአሜሪካ ደንብ ይህ እንዲፈቀድ የደመናው ጣሪያ ቢያንስ 1,000 ጫማ፣ እይታውም ቢያንስ 3 ማይል መሆን አለበት። ብዙ ሰው ይህን ከመሣሪያው መንገድ የቀለለ ይመስለዋል። ቀን በጠራ ሰማይ አዎ፣ ይቀላል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ «አየሁት» ከተባለበት ቅጽበት ጀምሮ ተራራውን የመጠበቅ ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ በአብራሪው ትከሻ ላይ ይወድቃል። የተሠመረ የመውረጃ መስመር የለውም፤ «ዝቅ አልክ» የሚለው የተጻፈ የከፍታ ደረጃም የለውም። ያለው ዓይኑ ነው።

አሁን ወደ ቀኑ እንሂድ። ሐሙስ፣ መጋቢት 20 ቀን 1993 ዓ.ም.፤ በፈረንጆቹ መጋቢት 29 ቀን 2001። ሰዓቱን የአስፐንን ሰዓት ይዤ፣ በእኛ አቆጣጠር እነግራችኋለሁ። አውሮፕላኑ ገልፍስትሪም ሦስት የሚባል ባለ ሁለት ሞተር የኪራይ ጄት ነው። ከሎስ አንጀለስ የሚነሣው በ10፡30 ነበር። አሥራ አምስት ተሳፋሪ፣ ሁለት አብራሪ፣ አንዲት አስተናጋጅ፤ በድምሩ አሥራ ስምንት ነፍስ።

ተሳፋሪዎቹ ዘገዩ። ይህ በኪራይ ጄት ዓለም ነውር አይደለም፤ የተከራየ ሰው ይዘገያል፣ አብራሪ ይጠብቃል። አስፐን ግን አትጠብቅም። በማረፊያው የአካባቢ ደንብ መሠረት ጸሐይ ከጠለቀች ከሠላሳ ደቂቃ በኋላ እንዲህ ያለ ጄት ማረፍ አይችልም ነበር። በዚያ ቀን ጸሐይ የምትጠልቀው በ12፡28 ስለሆነ በሩ የሚዘጋው በ12፡58 ነው። ጄቱ ከሎስ አንጀለስ የተነሣው በ11፡11 ነው፤ አርባ አንድ ደቂቃ ዘግይቶ። ይደርሳል ተብሎ የተገመተው በ12፡46 ነበር። እንግዲህ የቀረቻቸው ትርፍ ጊዜ አሥራ ሁለት ደቂቃ ናት።

የስልኩ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ገና ሳይነሡ፣ ምናልባት አስፐን ላይ ማረፍ ካልተቻለ ወደ ሌላ ማረፊያ ልንሄድ እንችላለን የሚል ወሬ ወደ ተከራዩ ይደርሳል። ሰውየው ተቆጣ። ከእሱ ወገን ወደ አከራዩ ኩባንያ ተደወለ፤ አውሮፕላኑ ወደ ሌላ ቦታ እንደማይሄድ፣ ከዚህ በፊትም አስፐን በማታ እንደተገባ ተነገረ። ያ «ሌላ ቦታ» ራይፍል የሚባለው ማረፊያ ነበር፤ ከአስፐን ዝቅ ያለ፣ ሸለቆውም ሰፋ ያለ። ከዚያ አስፐን ድረስ በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ነው።

ይህ የእኔ ነው፦ ለዚህ ታሪክ ከበረዶው ይልቅ ስልኩ ይከብደኛል። በረዶ ሲመጣ ይታያል፤ አብራሪም ስለ በረዶ ተምሯል። ከመነሣቱ በፊት «አንመለስም» የሚል የከፋይ ድምፅ ጆሮው ውስጥ የገባ አብራሪ ግን ያን ድምፅ የሚመዝንበት ሚዛን የለውም። ተሳፋሪ ወንበር ይገዛል፣ ነዳጅ ይገዛል፣ ሰዓት ይገዛል። እይታን ግን በምን ዋጋ ይገዛል?

ሁለተኛው ነገር ወረቀት ነው። ከበረራው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የፌዴራሉ አቪዬሽን አስተዳደር አንድ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር፤ አብራሪዎች ኖታም የሚሉት ዓይነት። ይዘቱ በአጭሩ፣ በዚያ የመሣሪያ መንገድ መጥቶ ወደ ማኮብኮቢያው በዓይን ዞሮ መግባት በሌሊት አይፈቀድም የሚል ነው። አሁን አስቡት። ያ መንገድ ሲጀመር በዓይን ከመግባት በቀር ሌላ መጨረሻ የለውም። ስለዚህ ማስታወቂያው በተግባር «ይህን መንገድ በሌሊት አትጠቀሙ» ማለቱ ነበር፤ አጻጻፉ ግን እንደዚያ አይልም። ረዳት አብራሪው ማስታወቂያው ከመነሣታቸው በፊት በስልክ ተነቦለታል። የአስፐን ማማ ተቆጣጣሪዎች ግን ጨርሶ አልደረሳቸውም። ስለዚህ ያን ምሽት አውሮፕላኑን ወደ ሸለቆው ያስገባው ተቆጣጣሪ የሚከለክልበት ወረቀት በእጁ አልነበረም።

ወደ ላይ እንውጣ፤ አብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ። ሁለቱም ልምድ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ግዴለሽ አድርጋችሁ አትሳሏቸው። ድምፅ መቅጃው ላይ የተገኘው ወሬያቸው የግዴለሽ ወሬ አይደለም። ዋናው አብራሪ ትርፍ ነዳጅ እንደሌላቸው፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚሞክሩና ካልሆነ ወደ ራይፍል እንደሚሄዱ ለጓደኛው ይነግረዋል። ጥሩ ዕቅድ ነው! ከዚህ የተሻለ ዕቅድ እኔም አላወጣም። ቀጥሎም ከሁለቱ አንዱ የሚያውቀውን ነገር ያነሣል፤ ባለፈው አስፐን ላይ መሬት ሆነው ሳሉ አንድ የሊርጄት አብራሪ ማረፊያውን አየሁ ብሎ፣ ነገር ግን ሳያየው ሲገባ የሰሙትን። እብድ ነው ይሉታል። ከዚያም ዋናው አብራሪ ሸለቆውን ሽቅብ ሊያየው ጥቂት እንደቀረው፣ ግን መሬቱን በደንብ ስለማያውቀው በዓይን ልግባ ብሎ እንደማይጠይቅ ይናገራል።

እናንተዬ፣ ይህን ሳነብ መዝገቡን አጥፌ ትንሽ ተቀመጥኩ። ሰውየው ሁሉንም ያውቅ ነበር። አደጋው ምን እንደሆነ በስሙ ጠርቶታል፤ እብዱን ሰው ለይቶታል፤ መውጫውን አዘጋጅቷል። ይህ ሁሉ ሲነገር አስፐን ለመድረስ ገና ደቂቃዎች ይቀሩ ነበር።

ከዚያ ነገሩ ይጣደፋል። ከፊታቸው የነበረ አውሮፕላን ማኮብኮቢያውን ሳያይ ቀርቶ ሲመለስ በሬዲዮ ይሰማሉ። ዋናው አብራሪ ተቆጣጣሪውን ይጠይቀዋል፦ ልምምድ ነው ወይስ የእውነት ተመለሰ? የእውነት ነው ይባላል። በሰሜን በኩል፣ ማለትም እነሱ በሚመጡበት በኩል፣ እይታው ሁለት ማይል ገደማ መሆኑም ይነገራል። የበረዶ ውሽንፍር አለ። ጸሐይ ጠልቃለች፤ ጥልቅ ሸለቆ ደግሞ ከሜዳ ቀድሞ ይጨልማል። በዚህ መካከል አንድ ተሳፋሪ ከኋላ መጥቶ አብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ ያለችው ሦስተኛ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ቀበቶውን እንዲያስር ሲነገረው ይሰማል። መርማሪዎቹ በኋላ ይህን ነገር ሳያልፉት ጽፈውታል፤ ጫናው ከስልክ ወጥቶ ከጀርባቸው ተቀመጠ እንደ ማለት ነው።

ሁለት ማይል ምን ማለት እንደሆነ ሒሳቡን እንሥራው፤ ከባድ አይደለም። አውሮፕላን በተለመደው የመውረጃ ቁልቁለት፣ በሦስት ዲግሪ፣ በአንድ የባሕር ማይል ወደ 300 ጫማ ይወርዳል። ከማኮብኮቢያው በላይ 2,380 ጫማ ላይ ያለ አብራሪ በዚህ ቁልቁለት በሰላም ሊወርድ ከፈለገ ማኮብኮቢያውን ቢያንስ ከሰባት የባሕር ማይል ላይ ሊያየው ይገባል። ሦስት የባሕር ማይል ሲቀረው ቢያየው ቁልቁለቱ ከሰባት ዲግሪ ይበልጣል። በሁለት ማይል እይታ ግን ገና ማኮብኮቢያው ከበረዶው ውስጥ ብቅ ሲልለት 13 ዲግሪ ገደማ ቁልቁል እያየው ነው፤ ከተለመደው ከአራት እጥፍ በላይ። ከዚያ ወርዶ ማረፍ ለትልቅ ጄት መውረድ ሳይሆን መወርወር ነው። እንግዲህ «ሁለት ማይል» የሚለው ቃል በሬዲዮ በተሰማበት ቅጽበት ጥያቄው አልቆ ነበር። ከ10,200 ጫማ ሳይወርዱ አይቶ ማረፍ አይቻልም፤ ለማየት ሲሉ ሳያዩ መውረድ ደግሞ ክልክል ነው።

እነሱ ግን ወረዱ። ከ10,200 አለፉ። ተቆጣጣሪው ማኮብኮቢያውን ታያላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ አዎ የሚል መልስ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ በክፍሉ ውስጥ ያለው ንግግር ግን ያየ ሰው ንግግር አይመስልም፤ ወደ ቀኝ ነው የሚል ቃል አለ። ከፍታ እየቆጠረ የሚጠራው የመሣሪያ ድምፅ ዘጠኝ መቶ፣ ስምንት መቶ እያለ ይወርዳል። አወራረዱ ፈጠነ የሚለውም ማስጠንቀቂያ ይጮኻል። በመጨረሻው ቅጽበት አውሮፕላኑ በኃይል ወደ ግራ ታጠፈ፤ ማኮብኮቢያው በግራ በኩል ነበርና። የግራ ክንፉን አዘንብሎ ከማኮብኮቢያው መጀመሪያ 730 ሜትር ገደማ ቀደም ብሎ ካለው መሬት ጋር ተጋጨ። ሰዓቱ 1፡01 ከ57 ሰከንድ ነበር። የተረፈ የለም።

አሁን ያቺን ሽቅብ አምጧት። የሰው ዓይን በሌሊት ስለ ቁልቁለት ይዋሻል። ሽቅብ የሆነ ማኮብኮቢያ ለአብራሪው «ከፍ ብለሃል» ይለዋል፤ እሱም አምኖ ዝቅ ይላል። በፊቱ ያለው መሬት መብራት ከሌለው ደግሞ ርቀትን የሚለካበት ነገር ያጣል፤ በገጠር ጨለማ ማዶ ተራራ ላይ የበራች ኩራዝ እዚሁ ደጃፍ ያለች እንደምትመስለው ማለት ነው። ይህን በ1960ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ኮንራድ ክራፍት የሚባል የቦይንግ የሥነ ልቦና ሊቅ አጥንቶታል። ያኔ 727 የተባለው አዲሱ ጄት በሌሊት፣ በዓይን ወደ ማረፊያ ሲቀርብ ደጋግሞ ተከስክሶ ነበር። ክራፍት ልምድ ያላቸውን አብራሪዎች ማስመሰያ ላይ አስቀምጦ፣ ጨለማ መሬት አልፎ ሽቅብ በተዘረጋ የከተማ መብራት ላይ እንዲቀርቡ አደረጋቸው። አብዛኞቹ ሳያውቁት ከሚገባው በታች ወረዱ። ጀማሪዎች አልነበሩም፤ ዓይናቸውም አልታመመም። ጤነኛ ዓይን ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ዓይን ሌላም ዓመል አለው፤ የሚጠብቀውን ያገኛል። ለዚህ ምስክር ከቤታችን ልጥራ። መጋቢት 26 ቀን 2013 ዓ.ም. አንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጭነት አውሮፕላን ዛምቢያ ውስጥ ወደ ንዶላ ሲበር፣ በአቅራቢያው ገና በመሠራት ላይ ያለ፣ ያልተከፈተ አዲስ ማረፊያ ላይ አረፈ። ማኮብኮቢያ ይጠብቁ ነበር፤ ማኮብኮቢያ ታያቸው፤ አረፉ። ማንም አልተጎዳምና ዛሬ ፈገግ ብለን እናወራዋለን።

«እንግዲያው ዓይንን ትቶ መሣሪያን ማመን ነው» የሚለኝ ይኖራል። ቆዩኝ። መጋቢት 22 ቀን 1995 ዓ.ም. አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ኤርባስ 320 ወደ አዲስ አበባ ሲቀርብ የመሬቱ የሬዲዮ ጣቢያ የተሳሳተ አቅጣጫ ይሰጠው ነበር። የአውሮፕላኑ ኮምፒውተር ያንን አምኖ ያለበትን ቦታ አሳስቶ አሰላ። ስለ ተራራ የሚያስጠነቅቀው መሣሪያም ቦታውን የሚያውቀው ከዚያው ከተሳሳተው ስሌት ነበር። አውሮፕላኑ ከተራራ በላይ በ56 ጫማ አለፈ። አሥራ ሰባት ሜትር! ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ተረፉ። ስለዚህ ነገሩ ዓይን ወይስ መሣሪያ የሚል ክርክር አይደለም። አንዱ ለሌላው ሲመሰክርለት ብቻ ነው የሚታመነው፤ ምስክሮቹም ከአንድ ምንጭ የቀዱ መሆን የለባቸውም።

ጠንቃቃ አብራሪዎች በደበዘዘ እይታ በዓይን ሲገቡ ይህን የሚያደርጉት በቃል ሳይሆን በሥራ ነው። ማረፊያው ቢታያቸውም የመሣሪያውን መንገድ ከበስተጀርባ ከፍተው ያቆያሉ፤ ዓይን «ደህና ነው» ሲል መሣሪያው ምን እንደሚል ያያሉ። ሁለቱም አብራሪ በመስኮት አያፈጡም፤ አንዱ ወደ ውጭ ሲያይ ሌላው ከፍታውን፣ ፍጥነቱንና የመውረጃውን ልክ እየጠበቀ ጮክ ብሎ ይጠራል። ከማኮብኮቢያው ጎን አራት መብራቶች ካሉ፣ ሁለት ነጭና ሁለት ቀይ ሆነው እስኪታዩ ድረስ አይረኩም፤ አራቱም ቀይ ከሆኑ በጣም ዝቅ ብለዋል። በደመና ውስጥ ከሆነ 1,000 ጫማ ላይ፣ በጠራ አየር ከሆነ 500 ጫማ ላይ አውሮፕላኑ ፍጥነቱ፣ አቅጣጫውና አወራረዱ ካልተስተካከለ ጎ አራውንድ ነው፤ ኃይል ጨምሮ መነሣት። በዚህ ላይ ድርድር የለም፤ ከሁለቱ አንዱ ቃሉን ከተናገረ ሌላው መጀመሪያ ይነሣል፣ ምክንያቱን የሚጠይቀው ወደ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። የማሳረፉ ሥራ ሽልማት እንደሌለው ሁሉ መነሣቱም ቅጣት የለበትም፤ ቢያንስ ደህና ኩባንያ ውስጥ።

ይህ ደግሞ የእኔ ነው፦ ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው የሚሠራው መሬት ላይ ነው። የገልፍስትሪሙ ዋና አብራሪ አንድ ጊዜ ሞክረን ወደ ራይፍል እንሄዳለን ሲል ዕቅዱ ትክክል ነበር፤ ዕቅዱን የሚጠብቅለት ሰው ግን አልነበረም። ስልኩን ያነሣው የኩባንያው ሰው ለተከራዩ «የት እንደሚያርፍ የሚወስነው አብራሪው ነው፤ ራይፍል ላይ መኪና አዘጋጅተንላችኋል» ብሎት ቢሆን ኖሮ አብራሪው አስፐን የደረሰው ቀለል ባለ ትከሻ ነበር። የአንድ ሰዓት የመኪና መንገድ ነው የነበረው ልዩነት።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ምርመራውን ጨርሶ በፈረንጆቹ 2002 ውሳኔውን አወጣ። ዋናው ምክንያት ብሎ ያስቀመጠው አብራሪዎቹ ማኮብኮቢያውን በአግባቡ ሳያዩ ከዝቅተኛው የተፈቀደ ከፍታ በታች መውረዳቸውን ነው። ከዚያ በታች ግን ሌሎቹን አንድ በአንድ ዘረዘራቸው፤ የማስታወቂያው አጻጻፍ ግልጽ አለመሆን፣ ለአስፐን ማማ አለመድረሱ፣ ጨለማውና አየሩ ተራራውን መሸፈናቸው፣ ተከራዩ በዋናው አብራሪ ላይ ያሳደረው ጫና፣ መዘግየቱና የማታው ገደብ። የስልክ ጥሪ በአደጋ ምርመራ ውስጥ ስሙ ተጠርቶ ሲገባ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ እዚህ ገብቷል።

ማስታወቂያውም ከአደጋው በኋላ እንደገና ተጻፈ። በዚህ ጊዜ ዙሩን ትቶ ስለ መንገዱ ስለ ራሱ ተናገረ፤ ይህ መንገድ በሌሊት አይፈቀድም አለ።